የላሞቹ ሰርቨር

ዲንኪቱ ገልገሎን "ኃይለኛ ናት" የሚሏት አያውቋትም። ኃይለኛ ሰው ይጮኻል፣ ጠረጴዛ ይመታል፣ በር ወርውሮ ይወጣል። እሷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "እምቢ" ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ነገሌ ቦረና በነበረው የእርዳታ ድርጅታችን ጸሐፊ ሆኜ ሳረጅ እምቢ ባይ ብዙ አይቻለሁ። አብዛኛው ጠዋት እምቢ ብሎ ከምሳ በኋላ እሺ ይላል። የዲንኪቱ እምቢታ ግን ሲያድር ይብስበታል።

የተወለደችው ሊበን ገጠር ውስጥ ነው። አባቷ ኦቦ ገልገሎ ከብት አርቢ ናቸው፤ ከከብት በቀር ሌላ ሀብት ኖሯቸው አያውቅም። ትምህርት ቤት ስትገባ መምህሯ ስሟ አልጥመው ብሎ "ድንቅነሽ" ብሎ መዘገባት። መምህሩ እንደ እኔው ወላጆቹ ከሰሜን መጥተው ነገሌ የቀሩ ሰው ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም፣ የመሰለውን ነው ያደረገው። ልጅቷ ግን "ድንቅነሽ" ተብላ ስትጠራ አቤት አላለችም። የፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዓይን ዓይኑን እያየችው፣ ቀሪ ተባለች። በማግስቱም ቀሪ፣ በሳምንቱም ቀሪ። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ አባቷን ሊያስጠራ ሲል ነገሩ ገባውና መዝገቡን አስተካከለ። ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላ በመቅረት ብዛት ልትባረር የነበረች ተማሪ ከእሷ ሌላ ሰምቼ አላውቅም።

ሀዋሳ ኮምፒውተር ተምራ ተመለሰችና በ2001 ዓ.ም. እኛ ቢሮ ተቀጠረች። ሥራዋ ከየቀበሌው የሚመጣውን መረጃ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ነበር። ከእኔ ክፍል የሚለያት አንድ ግድግዳ ነው፤ እሱም ስስ ስለሆነ የምትለውንም የማትለውንም እሰማ ነበር።

በ2003 ዓ.ም. የመጋቢትና የሚያዝያው ዝናብ ቀረ። ኩሬው ደረቀ፣ ሣሩ አለቀ፣ ከብቱ አጥንቱ ወጣ። አዲስ አበባ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤታችን ድርቆሽ በመኪና ሊልክ ተነሣ፤ ለሁሉም ከብት ሳይሆን ዘር እንዳይጠፋ ለላሞች ብቻ። ከመላኩ በፊት ግን አንድ ነገር ጠየቀ፤ በየቀበሌው ስንት ላም አለ?

ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቦረና ከብቱን ቆጥሮ አይናገርም። ቁጥሩ ከአፍ ከወጣ ከብቱ ይጎድላል ይላል። "ስንት ላም አለህ?" ብሎ የጠየቀ ሰው ባለጌ ነው፤ የሚያገኘውም መልስ "አሉ፣ ዋቃ ያውቃል" የሚል ብቻ ነው። ዋቃ ያውቃል፣ ዋናው መሥሪያ ቤት ግን አያውቅም። ስለዚህ ቆጣሪዎቻችን ፀሐይ ሲመታቸው ይውሉና ግራር ሥር ተቀምጠው ከራሳቸው እያወጡ ይጽፉ ነበር። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ሁላችንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብለን ኖርን።

በ1998ቱ ድርቅ በዚህ ዓይነት ቁጥር የተላከው ድርቆሽ መንገድ ዳር ላሉት ብቻ ደርሶ አለቀ። ኦቦ ገልገሎ መንጋቸውን በሙሉ ያጡት ያኔ ነው። ከዚያ ጎሳቸው በቡሳ ጎኖፋ፣ ከብቱ ያለቀበትን ዘመድ መልሶ በሚያቋቁሙበት ልማድ፣ ቡሬ የምትባል ዥጉርጉር ላም ሰጣቸው። ከዚያ ወዲህ በረታቸው ውስጥ ያለው ሁሉ የቡሬ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። ዘንድሮም የግራር ሥር ቁጥር ከተላከ የአባቷ በረት ዳግመኛ ባዶ ይሆናል፤ ዳግመኛ የሚሰጣቸው ዘመድም የለም፣ ሁሉም ተጎድቷልና። ዲንኪቱ ይህን አሳምራ ታውቃለች።

የቅርንጫፋችን ኃላፊ አምሀ ይባላል። በዕድሜ ልጄ ስለሚሆን እኔ "አንተ" እለዋለሁ፤ ዲንኪቱ "እርስዎ" ትለዋለች። ደግ ሰው ነው። ችግሩ ከአዲስ አበባ ስልክ ሲደወል ከወንበሩ ብድግ ይላል፣ የሚያዩት ይመስል። ጊዜው ስለጠበበ ቁጥሩን እንድትገምት ነገራት። እምቢ አለችው። አምና የተጻፈውን ጨመር ቀነስ አድርጊና ላኪው አላት። ያንንም እምቢ አለችና በጭነት መኪና ተሳፍራ አባቷ ዘንድ ሄደች።

ስንት ናቸው ብላ አልጠየቀቻቸውም። እነማን ናቸው ነው ያለችው። ሽማግሌው ፊታቸው በራ። ከቡሬ ጀመሩ። ቀይዋ ዲምቱ የቡሬ ልጅ ናት፤ ጥቁሯ ጉራቲ የዲምቱ ልጅ ናት፤ ግራጫዋ ዳለቲ ደግሞ የቡሬ የመጨረሻ ልጅ ናት። የትኛዋ በየትኛው ዝናብ እንደተወለደች፣ የትኛዋ እልኸኛ የትኛዋ የዋህ እንደሆነች እየጨመሩ ቀትሩን ሙሉ አወሩላት። አንድም ቁጥር ከአፋቸው አልወጣም።

"ሎን አይቆጠርም፣ ልጄ" አሏት በመጨረሻ። ሎን ማለት ከብት ነው። "ሎን በስሙ ይጠራል።"

ወደ ቢሮ ስትመለስ ጥያቄውን ገልብጣ ነበር የመጣችው። ላሞቹ አንድ በአንድ በስማቸውና በእናታቸው ይጻፋሉ፤ መደመሩ የማሽን ሥራ ነው። መጀመሪያ ኤክሴል ላይ ጀመረችው። በዚያን ጊዜ ነገሌ ውስጥ የፍላሽ ቫይረስ ከወባ ይብስ ነበር። አንዱ ከያቤሎ፣ ሌላው ከሀገረ ማርያም፣ አሁን ቡሌ ሆራ ከሚሏት፣ ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ሲሰካው የኖረው ፋይል ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። የዲንኪቱም ላሞች በዚሁ ጠፉ። ደግሞም ቀይ ላም ሁሉ ዲምቱ ነው ስሟ። የትኛዋ ዲምቱ የማን ልጅ እንደሆነች ኤክሴሉ ከየት ያውቃል?

ዳታቤዝ ሰርቨር፣ መዝገቡን ይዞ ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያቀርብ ማሽን፣ ያስፈልገናል አለችኝ። ባለቤቶቹ በአንድ ሰንጠረዥ፣ ላሞቹ በሌላ ሰንጠረዥ ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዷ ላም ወደ ባለቤቷና ወደ እናቷ መስመር ታመለክታለች። የሚጫነው ደግሞ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ላይ ነው፣ የፍላሾቹ ቫይረስ እዚያ አይሠራምና። አንድም ነገር ሳይገባኝ ራሴን ነቀነቅሁ።

መጋዘን ውስጥ፣ ከከብት መድኃኒት ካርቶኖች ኋላ፣ የተጣለ ኮምፒውተር ነበር። አቧራውን በጨርቅ ጠርጋ፣ በፖስታ ሳጥናችን በነጻ የመጣላትን የሊኑክስ ሲዲ አስገብታ፣ ዊንዶውሱን ከነቫይረሱ ጠራርጋ አጠፋችው። አምሀ የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። ሊኑክሱ በሰላም ተጫነ። ዳታቤዙ ግን ሲዲው ላይ አልነበረም፤ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። የእኛ ኢንተርኔት አንድ ፎቶ እስኪከፍት ቤት ሄዶ ምሳ በልቶ ለመመለስ ይበቃል።

ሀዋሳ ያለች የትምህርት ቤት ጓደኛዋ ፋይሉን ሲዲ ላይ ጽፋ በአውቶብስ ሾፌር ላከችላት። ልትጭነው ስትል ሌላ ፋይል ካልመጣ አልጫንም አለ። ያ ተላከ። ያኛው ደግሞ ሦስተኛ ፋይል ጠየቀ። እኔ ብሆን ኮምፒውተሩን በመስኮት እወረውረው ነበር። ሾፌሩ ራሱ ተሰላችቶ፣ ይሄ ነገር ሰርግ ነው ወይ ዘመዱ የማያልቀው ብሎ ሳቀባት። ዲንኪቱ አልሳቀችም። ጓደኛዋን፣ ፕሮግራሙ የሚፈልገውን ሁሉ፣ የሚፈልገው የሚፈልገውንም ሁሉ አንድ ላይ ላኪልኝ አለቻት። ይህ ሲዲ ሲመጣ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ነጫጭ ፊደሎች እንደ ጉድ ፈሰሱና ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ተነሣ።

ከእኔ ኮምፒውተር በመስኮት በኩል ኬብል ጎትታ ስታገናኘው ግን ሰርቨሩ አልመለሰልንም። ተበላሸ ብዬ ደነገጥኩ። እሷ ግን ጤነኛ ነው አለች። አዲስ ሲጫን ለጥንቃቄ ተብሎ ከራሱ ማሽን በቀር ማንንም እንዳይሰማ ተደርጎ ነው የሚመጣው። አንደኛው የማስተካከያ ፋይል ላይ ከውጭም እንዲሰማ ጻፈችለት፤ ሁለተኛው ላይ ከየትኛው ኮምፒውተር ማን መግባት እንደሚችል ጻፈች። አስነሥታ ሞከረችው፤ የእኔ ስክሪን መለሰ። አጨበጨብኩ፣ አላፈርኩም።

ከዚያ ለእያንዳንዳችን መግቢያ ስምና ፓስወርድ ሰጠች። ለእኔ ማንበብና አዲስ መስመር መጨመር ተፈቀደልኝ። ለአምሀ ማንበብ ብቻ። ይህን ሲያውቅ ፊቱ ቀላ። የዚህ ቢሮ ኃላፊ ማን ነው ብሎ ጠየቃት።

"እርስዎ ነዎት" አለችው። "ስልክ የሚደወለውም ለእርስዎ ነው። ለዚህ ነው መለወጥ ያልሰጠሁዎት።"

የራሷን ስህተት ሳልናገር ባልፍ ግን አድልዎ ይሆንብኛል። ሰንጠረዡን ስትሠራ፣ የእናቷ መስመር ያልተሞላ ላም አይመዘገብም ብላ ሕግ አወጣች። ለቦረና ልጅ እናቷ የማትታወቅ ላም ላም አይደለችማ። አባቷ ለገበያ ሲመጡ ከእሳቸው ልንጀምር ቁጭ አልን። ቡሬ አሉ፤ ጻፍኩ። ሰርቨሩ እናቷን አለ። ሽማግሌው ሰጪው ዘመድ የነገሯቸውን የቡሬን እናት ስም ጠሩ፤ ጻፍኩ። የእሷንስ እናት አለ። እሳቸውም ያውቋታል፤ የእሷንም እናት ያውቋታል። ሰርቨሩ ይጠይቃል፣ ኦቦ ገልገሎ ደስ እያላቸው ይመልሳሉ፣ አንዲትም መስመር አልገባችም። ዲንኪቱ ከመጋዘን ወጥታ እስክትደርስ በምኒልክ ዘመን ከሞቱ ላሞች ጋር ነበርን። ሳቋን ስትለቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሕጉን አነሣችው፤ እናት ካለች ትጻፍ፣ የዘሩ መነሻ የሆነችው ግን ባዶ ይሁንላት። ቡሬ የመጀመሪያዋ መስመር ሆና ገባች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሰመረ። ዲንኪቱ ከቀበሌ ቀበሌ ትሄዳለች፣ ለሽማግሌዎች ቁጥር ከአፋችሁ አይጠየቅም ብላ ቃል ትገባለች፣ የላሞቻቸውን ስም ይዛ ትመለሳለች፣ እኔ አስገባለሁ። ስንት አላችሁ ሲባል አፉን የሚዘጋው ሰው ሁሉ፣ እነማን ናቸው ሲባል አላቆም አለ። ማሽኑ ለየመስመሩ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ዲንኪቱ ግን እሱ በሆዱ ይያዘው ትል ነበር።

የመጨረሻው ቀበሌ ገብቶ ሲያልቅ አምሀ ድምሩን አነበበና ወደ አዲስ አበባ ደወለ። ቁጥሩን ሲናገር በሩን ዘግቶ በሹክሹክታ ነበር፤ እሱም የአገሩ ሰው ሆኖ ነበር ማለት ነው። እዚያ ያሉት ግን ጮኹበት። ካለፈው ጊዜ ይህን ያህል የሚበልጥ ቁጥር ከየት መጣ? የተጋነነ ነው፣ ይቀነስ፣ ቢያንስ ያረጁት ላሞች ከመዝገቡ ይውጡ አሉት።

መጀመሪያ የመጣው ወደ እኔ ነው። ያረጁትን እንድሰርዝ አዘዘኝ። ታዛዥ ነኝና ሞከርኩ፤ ሰርቨሩ ፈቃድ የለሽም አለኝ። እውነቱን ለመናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አምሀ ወደ ዲንኪቱ ክፍል ሲገባ እኔም ተከትዬው ገባሁ፤ ይህማ እንዴት ይቅርብኝ?

ተከራከረችው ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። የሚፈልገውን ሰማችና ከወንበሯ ተነሣች።

"ይቀመጡ" አለችው። "በእኔ ስም ነው የተከፈተው፣ ምንም አይከለክልዎትም። ያረጁት አይደል የተባሉት? ቡሬ አርጅታለች። የአባቴ ናት። ከእሷ ይጀምሩ።"

አምሀ ተቀመጠ። መሰረዣውን ትእዛዝ ነገረችው፤ በአንድ ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። የመጨረሻዋን ቁልፍ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር እንግሊዝኛ ወጣ። አምሀ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ምን ይላል አልኩት።

"ሌሎች እናታችን ይሏታል ይላል" አለ። "አልሰርዝም ነው የሚለው።"

"ሕጉን መለወጥ ይቻላል" አለች ዲንኪቱ ድምጿን ሳታነሣ። "ከተለወጠ ቡሬ ስትሰረዝ ልጆቿም፣ የልጅ ልጆቿም አብረዋት ይጠረጋሉ። ያ የአባቴ በረት በሙሉ ነው። ቀጥለውም የሌላውን ሰው ነው። እኔ እጄን አላነሣባቸውም። ወንበሩ ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት።"

አምሀ እጁን ከኪቦርዱ ላይ አነሣና ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ትንሽ ቆይቶ በእሱ ክፍል ስልኩ ጮኸ። ብድግ ይላል ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ሊያቆም ሲል ቀስ ብሎ ሄዶ አነሣው። በሩን አልዘጋውም። አይቀነስም ሲል ሰማነው። ማን ነው የሚለው ብለውት መሆን አለበት፣ መለሰላቸው።

"ሰርቨሩ እምቢ ብሏል" አለ። "እኔም እምቢ ብያለሁ።"

ዋናው መሥሪያ ቤት ሰው ልኮ ሊያጣራ ተነሣ። ይምጣ አልን። የመጣው ሰው ሦስት በረት ውስጥ ገብቶ ስም እየጠራ ላሞቹን አየ፤ ከዚያ በኋላ ነገር አላበዛም። ድርቆሹ ዘግይቶ መጣ፣ የጠየቅነውንም ያህል አልነበረም፣ ይህን ልደብቅ አልችልም። ግን ወደ ውስጥ ገባ። መንገድ ዳር አላለቀም። ሲታደልም በባለቤቱና በላሟ ስም እየተጠራ ነበር። በዚያ ዓመት ሊበን ውስጥ በረታቸው ባዶ ያልሆነባቸውን ሰዎች ዛሬም ነገሌ ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ።

ያ አሮጌ ኮምፒውተር ከሞተ ቆይቷል። ከመሞቱ በፊት ዲንኪቱ ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ አዛውራዋለች፣ ያኛው ሲያረጅ ደግሞ ወደ ሌላ። አሁን ያቤሎ ናት፤ ከእሷ ሥር የሚሠሩ ወጣቶች አሏት፣ ስሟን የሚያጣምም ሰው የለም። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ እሷ ስጠየቅ ግን የማወራው ስለ ሹመቷ አይደለም፤ ድርቆሹ በመጣ ሰሞን ኦቦ ገልገሎ ቢሮ የመጡበትን ቀን ነው።

ቡሬ መኪናው ሳይደርስላት ሞታ ነበር። ልጆቿ ደርሶላቸዋል። ሽማግሌው በመስኮቴ በኩል ቆመው "አካም፣ ናጋ?" ብለው ሰላምታ ሰጡን፤ ከብቱን፣ ልጁን፣ አገሩን ሁሉ ጠየቁ፤ ከዚያ ስለ ቡሬ ተናገሩ። ዲንኪቱ እኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠችና በራሷ ስም ገብታ የቡሬን መስመር ከፍታ፣ የሞተችበት ቀን የሚጻፍበት ላይ ጻፈች። ሽማግሌው አንገታቸውን በመስኮቱ አስገብተው ያዩዋታል።

"ሰረዝሻት?" አሏት።

"አትሰረዝም፣ አባ" አለች። "ልጆች አሏት።"

ኦቦ ገልገሎ ወደ እኔ ዞረው፣ ላሞቻቸውን በየስማቸው እንድጠራላቸው ለመኑኝ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሬ ከላይ ጀመርኩ፤ ቡሬ አልኩ። "አለች" አሉ። ዲምቱ የቡሬ አልኩ። "አለች" አሉ። ጉራቲ የዲምቱ፣ ዳለቲ የቡሬ እያልኩ እስከ መጨረሻዋ ጥጃ ወረድኩ፤ እሳቸውም መስኮቱን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዕንባቸው ጢማቸው ላይ እየወረደ፣ ለእያንዳንዷ አለች አሉ።

ስንት እንደነበሩ አውቃለሁ። አልነግራችሁም።